የታወቀውን ልጥቀስ ወይስ ያነበብኩትን? ከደብረ ብርሃን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን የላከችልኝ ደብረ ብርሃን የምትማር የማስተርስ ተማሪ ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «የመመረቂያ ጽሑፌ በመንዝ በግ ላይ ነው። አማካሪዬ ከዋቢዎቼ መካከል የሸኖ ምርምር ማዕከልን የቆዩ ሪፖርቶችና በአገር ውስጥ ጆርናሎች የወጡ ጽሑፎችን ሰርዘው ‹ስም ባላቸው የውጭ ጽሑፎች ተኪያቸው› አሉኝ። የግልገሎቹን የክብደት መረጃ ግን ያገኘሁት ከተሰረዙት ነው። ከሥራዬ ቀንሼ ለአንድ ጆርናል የላክሁትን ጽሑፍ የገመገመው ሰው ደግሞ ከርዕሴ ጋር እምብዛም የማይገናኙ፣ ሁሉም በአንድ ሰው የተጻፉ አራት ጽሑፎችን እንድጨምር ጠይቋል። መጥቀስ ያለብኝ የታወቀውን ነው ወይስ ያነበብኩትን?»

እህቴ፣ ያነበብሽውንና የተጠቀምሽበትን ጥቀሺ። የክብደቱን ቁጥር የወሰድሽው ከሸኖ ሪፖርት ከሆነ ሸኖ ይጠቀስ። ይህን የምልሽ ለአገር ውስጥ ሥራ በማድላት አይደለም። አንባቢሽ ቁጥሩን ተጠራጥሮ ምንጩን ልይ ቢል መንገዱን የሚያገኘው በዋቢው ብቻ ነው። ቁጥሩ የሌለበትን ታዋቂ ጽሑፍ በቦታው ብትተኪ፣ በጨዋ ቋንቋም ቢሆን የሐሰት ምስክር አቁመሻል። በቅኔ ቤት አንድ ተማሪ ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ የመምህሩን ስም ይጠራል እንጂ በአገሩ ስሙ የገነነውን መምህር አይጠራም፤ እኛም ከዚህ ያነሰ ታማኝነት ሊኖረን አይገባም።

አማካሪሽ በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም። የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገልጠው የመጨረሻዎቹን ገጾች ነው፤ ዝርዝሩ በአገር ውስጥ ሪፖርት ተሞልቶ ካየ «በዘርፉ የተጻፈውን አላየችም» ሊል ይችላል። እሳቸውም የደረጃ ዕድገት ሲጠይቁ የሚመዘኑት ባሳተሙበት ጆርናል ስም ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን የኖረ ሰው ተማሪውን በሌላ ሚዛን ቢመዝን ነው የሚገርመው። ስለዚህ ሚዛኑ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምሻል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለምን ቀድሜ እንዳልኩ ወደ ኋላ ትደርሺበታለሽ።)

የጥቅስ ቆጠራ ሲጀመር ዓላማው ለሰው ደረጃ መስጠት አልነበረም። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ሐሳቡን ሲያቀርብ የፈለገው፣ አንድ ተመራማሪ የያዘውን ጽሑፍ በኋላ ማን እንደተጠቀመበት፣ ማንስ እንደተቸው ፈልጎ የሚያገኝበት ማውጫ ነበር። ማውጫው በ1964 ታተመ። በማውጫው ውስጥ የትኞቹ ጆርናሎች ይግቡ የሚለውን ለመወሰን ያገለገለው ስሌት ዛሬ ኢምፓክት ፋክተር የምንለው ነው፤ ከ1975 ጀምሮ ታትሞ ይወጣል። አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት የተጠቀሱበት ብዛት ለጽሑፎቹ ቁጥር ይካፈላል፤ ስሌቱ ይኸው ነው።

ሁለት ዓመት! በመንዝ አንዲት እንስት ግልገል አድጋ፣ ተጠቅታ፣ ወልዳ፣ የወለደችው ተመዝኖ ውጤቱ እስኪጻፍ ድረስ ሁለት ዓመት አይበቃም። የዝርያ ማሻሻያ ሥራ የሚለካው በበጎች ትውልድ ነው። ስሌቱ በወራት ውስጥ ለሚፈራረቁ የላቦራቶሪ ግኝቶች ይስማማል፤ ደጋ ላይ በግ ለሚመዝን ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ያጎድልበታል። ጆርናሉ ከነጭራሹ በማውጫዎቹ ውስጥ ካልገባ ደግሞ በእሱ ላይ የወጣ ሥራ ቆጣሪው ፊት የለም ማለት ነው። የኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል ከ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ከ1963፣ ሲኔት የተባለው የሳይንስ ጆርናል ከ1978 ጀምሮ ይታተማሉ። በእነዚህ ላይ ብቻ የሚገኝ ዕውቀት አለ። በ1998 የተጀመረው፣ የአፍሪካ ጆርናሎችን በኢንተርኔት የሚያቀርበው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ብዙዎቹን ለማግኘት ስለሚረዳ፣ ከጎግል ስኮላር በፊት እሱን የመፈተሽ ልማድ ቢኖርሽ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው አድልዎ ልምጣ። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ሮበርት መርተን በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሁለት ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ቢያገኙ ምስጋናው ቀድሞ ስም ወዳለው እንደሚያዘነብል፣ በጋራ በተሠራ ሥራም ታዋቂው ብቻ እንደሚታወስ አሳየ። ለክስተቱ ስም የወሰደለት ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ነው፤ ላለው ይጨመርለታል፣ ከሌለው ግን ያለውም ይወሰድበታል የሚለውን የመክሊቱን ምሳሌ ታውቂዋለሽ። ጥቅስም እንዲሁ ነው። ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ በፍለጋ ውጤት ላይ ከላይ ይወጣል፤ ከላይ ስለወጣ ይነበባል፤ ስለተነበበ ይጠቀሳል። ከመነሻው የተሻለ ስለሆነ ብቻ ነው ብሎ ማመን የዋህነት ነው።

መርተን ያን ጽሑፍ ሲጽፍ አጥብቆ የተመረኮዘው ሃሪየት ዙከርማን ከኖቤል ተሸላሚዎች ጋር ባደረገቻቸው ቃለ መጠይቆች ላይ ነበር። ጽሑፉ የወጣው ግን በእሱ ስም ብቻ ነው። በሁለቱ ስም መውጣት እንደነበረበት በኋላ ራሱ ጽፏል። ነገር ግን ዛሬም የሚጠቀሰው «መርተን 1968» ነው። ስለ ምስጋና አድልዎ የተጻፈው ዋናው ጽሑፍ ራሱ የሴት ሥራን ሸፍኖ መውጣቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የታሪክ ምሁሯ ማርጋሬት ሮሲተር በ1993 የሴቶች ሥራ በወንዶች ስም የሚቆጠርበትን ልማድ የማቲልዳ ክስተት ብላ በአደባባይ አውጥታዋለች። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ከ1779 እስከ 2011 የወጡ 1.5 ሚሊዮን ያህል ጽሑፎችን መርምሮ፣ ወንዶች የራሳቸውን ሥራ የሚጠቅሱት ከሴቶች በ56 በመቶ በልጠው እንደሆነ አገኘ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት አሥርት ዓመታት ልዩነቱ 70 በመቶ ደርሷል። ራስን መጥቀስ ሌሎች እንዲጠቅሱ በር ይከፍታል፤ ስለዚህ ትንሽ የሚመስለው ልዩነት እየተጠራቀመ ይሄዳል። አንቺ ቀደም ብለሽ የሠራሽውና ከርዕሱ ጋር የሚገናኝ ጽሑፍ ካለሽ አፍረሽ አትተይው። በየቀበሌው ዞረው ግልገል የመዘኑ፣ መጠይቅ ያስሞሉ ሴት ባልደረቦች ስማቸው በምስጋና ገጽ ላይ ብቻ ቀርቶ ሳይ ዝም ማለት አልችልም፤ ጽሑፉን በማቀድ፣ በመተንተን ወይም በመጻፍ የተካፈለች ሁሉ የደራሲነት ቦታ ይገባታል።

አድልዎው የሚጎዳው የሰውን ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ታግሰን እናልፈው ነበር። የሚጎዳው እውነትን ነው። በ1980 ጄን ፖርተርና ኸርሸል ጂክ በአንድ ስመ ጥር የአሜሪካ የሕክምና ጆርናል ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው ደብዳቤ አወጡ። ሆስፒታል ተኝተው ከአደንዛዥ የሕመም ማስታገሻዎች ቢያንስ አንዱን ከወሰዱ 11,882 ሰዎች መካከል በሱስ መያዛቸው በአግባቡ የተመዘገበው አራት ብቻ ናቸው ይላል ደብዳቤው። ስለ ሆስፒታል ሕሙማን የተነገረ አጭር ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጸሐፊ ከጸሐፊ እየተቀባበለ «መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም» ለሚል ድምዳሜ ማስረጃ አደረገው። በ2017 የተደረገ ቆጠራ ደብዳቤው 608 ጊዜ መጠቀሱን፣ ከእነዚህም 72 በመቶው ሱስ ብርቅ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው እንዳቀረቡት፣ 80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ነገሩ ሆስፒታል ውስጥ ስላሉ ሕሙማን ብቻ መሆኑን እንዳልጠቀሱ አሳየ። የጆርናሉ ስም ደብዳቤውን አከበረው፤ የተከበረውን ደግሞ ገልጦ ያነበበው ጥቂት ነው። አሜሪካን ያጥለቀለቀው የሱስ መቅሠፍት ሲጀምር ይህ ጥቅስ የራሱን ድርሻ አድርጓል።

ይህን ወደ መንዝ በግ እናምጣው። የግልገል ክብደት በጣቢያ ውስጥ፣ ድርቆሽና ተጨማሪ መኖ እየቀረበ የተለካ አለ፤ በገበሬው መንጋ ውስጥ፣ በግጦሽ ብቻ የተለካ አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የቆየው ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይነግርሻል፤ ስንት በግ እንደተመዘነ፣ በየትኛው ወር እንደተወለደ፣ ምን እንደተመገበ በሰንጠረዥ አስቀምጦታል። ዓለም አቀፍ ዳሰሳ የሚጽፍ ሰው ከአሥር አገር ዝርያ ጋር አሰልፎ ሲያቀርበው የሚተርፈው አንድ ቁጥር ነው። ቀጣዩ ሰው ዳሰሳውን ይጠቅሳል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም የዳሰሳውን ጠቃሽ ይጠቅሳል። አማካሪሽ እንዳሉት ብታደርጊ በጣቢያ የተለካውን ቁጥር ስለ ገበሬው በግ እንደተነገረ አድርገሽ ልትጽፊ ትችያለሽ፤ ስህተቱን የሚያገኘው ሰውም አይኖርም፤ ምክንያቱም ወደ ሸኖ የሚመራው መንገድ ተሰርዟል።

በአገር ውስጥ የተገኘ መረጃ የሚጠረጠርበት ልማድ ደግሞ አዲስ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት በውጭው ዓለም እምነት እንደማይጣልበት ደጋግመው በአደባባይ ተናግረዋል። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው፤ ግኝቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ከቆየ በኋላ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ብዙ መምህራን የማይነግሩሽ ነው፤ የስማችን ነገር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ውሰጂ። የዚሁ የሰሜን ሸዋ፣ የሸንኮራ ተወላጅ ነበሩ፤ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በዝርዝር በማስመዝገብ የረጅም ዘመን ሥራ ሠርተዋል። የውጭው የዋቢ አጻጻፍ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ፣ በብዙ ዝርዝር ውስጥ የአባታቸው ስም ከፊት ወጥቶ የእሳቸው ስም ወደ አንዲት የላቲን ፊደል ይወርዳል። ያቺ ፊደል የጌታቸው፣ የግርማ፣ የጎሹ፣ የጌጤም ናት። አባቱ ኃይሌ የተባለ ሁሉ እዚያ መስመር ላይ ይቀላቀላል። በላቲን ፊደል ጌታቸውን አንዱ «ቲ» ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ይጽፈዋል፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራል። ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ማርያም ዓይነት ስም ከሆነ ደግሞ ከመካከሉ ተሰንጥቆ «ሥላሴ» ወይም «ማርያም» የሚባል ደራሲ ይፈጠራል። የእኛ ምሁራን ጥቅስ እንዲህ እየተበታተነ፣ በኋላ «ብዙ አልተጠቀሱም» ይባላል።

የኢትዮጵያ ጥናት ሰዎች ለዚህ መላ ካበጁ ቆይተዋል፤ ከ2003 እስከ 2014 በጀርመን በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚዘረዝረው በራሳቸው ስም ነው። አንቺም የምትልኪበት ጆርናል ከፈቀደ የኢትዮጵያዊውን ሙሉ ስም ሳታሳጥሪና ሳትገለብጪ ጻፊ። ካልፈቀደ ለአዘጋጁ ጠይቂ፤ ጠይቀው የተፈቀደላቸው አሉ። የራስሽን ስም ደግሞ ከአሁኑ በአንድ አጻጻፍ አጽኚው፤ በ2012 የተጀመረውንና በነፃ የሚሰጠውን ባለ 16 አሃዝ ኦርኪድ የተባለ የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጪ። አባትሽ የአንቺን ጽሑፍ አልጻፉም።

የተቋምም ስም ይበታተናል። የሸኖ ምርምር ማዕከል የዛሬው የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ በሁለት ስም የተጠቀሰው የአንድ ቤት ሥራ ነው። በዝርዝርሽ ውስጥ የቀድሞውን ስም እንዳለ ትተሽ የአሁኑን በቅንፍ ጨምሪ። የዓመቱም ነገር እንዲሁ። በመንዝ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተው የበግ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮግራም የተጀመረው በ2009 ነው። ስለዚህ ፕሮግራም በ2002 ዓ.ም. የተጻፈን የአማርኛ ጽሑፍ ዓመቱን ሳትቀይሪ ብታስገቢው፣ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ ሰባት ዓመት በፊት የተጻፈ ይመስላል። ገምጋሚው አሮጌ ነው ብሎ ቢጥለው አይፈረድበትም። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፊ።

ያልታተመውንስ? ማኅበረሰቡ በጋራ ስለሚጠብቀው የመንዝ ጓሳ የሣር ምድር የሚጽፍ ሁሉ ሣሩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ስለሚወስነው የማኅበረሰቡ የጋራ ደንብ ያትታል። ደንቡን ግን ተመራማሪ አላገኘውም፤ የመንዝ ሰዎች ለትውልዶች ሲጠብቁት የኖሩት ነው። አንቺም የአውራ በግ ምርጫን ስትጽፊ ገበሬው በጭራው፣ በመልኩ፣ በቀንዱ፣ በእናቱ ታሪክ እንዴት እንደሚመርጥ ከሰው አፍ ሰምተሻል። «የአካባቢው ሰዎች እንደሚሉት» ብለሽ አትለፊው። የነገረሽን ሰው ፈቃዱን ጠይቀሽ፣ ስሙ እንዲጻፍ ከፈለገ በስሙ፣ ካልፈለገ በቀበሌውና በሙያው፣ ከቀኑ ጋር መዝግቢ። የምርጫውን ዕውቀት ላካፈሉሽ አዛውንት ይህ ከሚገባቸው ትንሹ ነው።

ይህን ሁሉ ስል አገር ውስጥ የታተመ ሁሉ ይጠቀስ እያልኩ አይደለም። ሳይገመገም በገንዘብ የሚያትሙ ጆርናሎች አሉ፤ አገራችንም ከእነሱ ነፃ አይደለችም። ጓደኛሞች ተማምለው እርስ በርስ የሚጠቃቀሱበት ልማድም ያው አድልዎ ነው። የቆየ ሪፖርት ስትጠቅሺ የናሙናው ብዛት አነስተኛ ከሆነ፣ ያልተገመገመ ከሆነ፣ በጽሑፍሽ ውስጥ ተናገሪ። የውጭውንም ቢሆን በዚሁ መለኪያ መዝኚ። ስለ መንዝ ሰው ጠባይና አኗኗር አንድ ነገር ለመጻፍ የሚነሳ ሁሉ ዛሬም በ1965 የታተመውን የአሜሪካዊውን የሶሺዮሎጂ ምሁር የዶናልድ ሌቪንን መጽሐፍ ይጠቅሳል። መጽሐፉ ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከደርግ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረን መንዝ የሚያሳይ መጽሐፍ ስለ ዛሬው ገበሬ ይዞታ ምስክር ሊሆን አይችልም። የሚጠቀሰው ስለታወቀ ነው።

አማካሪሽን እንዲህ ብለሽ ብታነጋግሪያቸው ይሻላል ብዬ አስባለሁ፦ የተሰረዙትን ለመመለስ ከመሟገት ይልቅ፣ ሰንጠረዥ ሠርተሽ ቅረቢ። በአንድ ዓምድ ከእያንዳንዱ ምንጭ የወሰድሽውን ቁጥር፣ በሁለተኛው መጀመሪያ የተለካበትን ቦታ፣ በሦስተኛው ያንኑ ቁጥር የሚጠቅስ የውጭ ጽሑፍ ካለ አስገቢ። የውጭው ጽሑፍ የተመለሰው ወደ ሸኖ እንደሆነ ሲያዩ ክርክሩ ያልቃል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ለመጥቀስ ፈቃደኛ ሁኚ፤ የውጭውን ሥነ ጽሑፍ ማወቅሽን ማሳየት ተገቢ ነውና በዚህ እሳቸው ትክክል ናቸው። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተረቅቆ በቀጣዩ ዓመት ይፋ የሆነው ዶራ የተባለው መግለጫ፣ ሥራን በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር መመዘን እንዲቀር ይጠይቃል። በ2015 ስለ ምርምር አመዛዘን የወጣው የላይደን ማኒፌስቶም ከአሥር መርሆቹ አንዱን ለአካባቢ የሚጠቅም ምርምርን ለመጠበቅ አውሎታል። እነዚህን በእጅሽ ያዢ፤ በመጀመሪያው ቀን ግን አታውጫቸው። ሰንጠረዡ ይበቃል።

የገምጋሚውን ነገር በአጭሩ ልጨርስ። ይህ ያጋጠመሽ አንቺን ብቻ አይደለም። በ2012 በሳይንስ መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ከተጠየቁት ምሁራን ከአምስቱ አንድ ያህሉ ጽሑፋቸውን ከላኩበት ጆርናል አዘጋጆች ያለ በቂ ምክንያት ጥቅስ ጨምሩ የሚል ግፊት ደርሶባቸዋል። ኮፕ የተባለው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ደግሞ ገምጋሚ የራሱን የጥቅስ ቁጥር ለማብዛት ብሎ ሥራዎቹን እንዳያዝ በግልጽ ይከለክላል። አራቱንም ጽሑፎች አንብቢያቸው፤ ሳታነቢ አትቃወሚ። አንዱ በእርግጥ የሚረዳሽ ከሆነ ጥቀሺው፣ የት እንደጠቀስሽውም ገጹን በመልስሽ ውስጥ ግለጪ። ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ፣ የአንቺ ጥያቄ ግን ስለ ምን እንደሆነ። ስለ ገምጋሚው ማንነት ወይም ዓላማ ምንም አትበይ። መልሱን የምትልኪው ለአዘጋጁ ነው፤ ከመላክሽ በፊት ግን ለአማካሪሽ አሳዪያቸው፤ ጽሑፉ ላይ ስማቸው አብሮ የሚወጣ ከሆነ ደብዳቤው የሁለታችሁም ነው።